የስቴት ሴናተራችሁ ምን ሲሠራ ኖረ? እንዲህ አጣሩ

አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ስለ ዋይት ሐውስ ስናወራ እናመሻለን። የስቴታችንን ሴናተር ስም ግን ብዙዎቻችን አናውቅም፤ የልጆቻችን ትምህርት ቤት በጀት ትልቅ ድርሻም ሆነ የመንጃ ፈቃድ ሕግ የሚወሰነው ግን በስቴቱ ምክር ቤት ነው። ማጣራቱ ከባድ አይደለም። የዊስኮንሲን ስቴት ሴናተር በነበረው በፍሬድ ሪሰር ላሳያችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

መጀመሪያ ዓመቶቹን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ሪሰር በ1927 የተወለደ የዊስኮንሲን ሰው ነው፤ የወከለውም ማዲሰንን ነው። በ1957 ታችኛው ምክር ቤት ገባ፣ በ1962 ወደ ሴኔት ተሻገረ፣ የወጣው በጥር 2021 ነው። 64 ዓመት! በአሜሪካ ታሪክ በስቴት ምክር ቤት ይህን ያህል የቆየ የለም። ቅድመ አያቱ፣ አያቱና አባቱም እዚያው ተቀምጠዋል፤ የሚገርመው አያቱ ሪፐብሊካን፣ አባቱ ፕሮግሬሲቭ የተባለው ፓርቲ አባል፣ እሱ ዴሞክራት መሆናቸው ነው።

ዓመቱ ብቻ ግን ምንም አይነግራችሁም። አንድ ሕግ ምረጡና ከሥሩ ተከተሉ። የስቴቱ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ የረቂቁን ቁጥር ስታስገቡ ማን እንዳቀረበው፣ የትኛው ኮሚቴ ጋ እንደቆመ፣ ማን ደግፎ ማን እንደተቃወመ በየቀኑ ተመዝግቦ ታገኛላችሁ። ሪሰር ለዓመታት የታገለው የሲጋራ ጭስን ነበር። በሥራ ቦታ፣ በምግብ ቤትና በባር ማጨስን የሚከለክለው ሕግ የተፈረመው በ2009 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 2010። ያኔ ሰውዬው ምክር ቤት ከገባ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለእኔ የእሱ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ ዛሬ ባር ውስጥ የምትሠራ አስተናጋጅ ንጹሕ አየር የምትተነፍሰው በዚህ ምክንያት ነውና።

ቀጥሎ ፓርቲው አናሳ በነበረበት ጊዜ ምን እንዳደረገ እዩ። ሰው የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። በ2011 ገዢው ስኮት ዎከር የአብዛኞቹን የመንግሥት ሠራተኞች የኅብረት ድርድር መብት በእጅጉ የሚገድብ ረቂቅ አመጣ። ሴኔቱ 33 ወንበር አለው፤ ገንዘብ ነክ ረቂቅ ለማጽደቅ 20 ሰው መገኘት አለበት፣ ሪፐብሊካኖቹ ደግሞ 19 ነበሩ። ስለዚህ 14ቱ ዴሞክራቶች ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ብለው ወደ ኢሊኖይ ወጡ፤ የ83 ዓመቱ ሪሰርም አብሯቸው ሄደ። በመጨረሻ ሪፐብሊካኖቹ ገንዘብ ነክ የሆነውን ክፍል ከረቂቁ አውጥተው አጸደቁት። ዴሞክራቶቹ ትክክል ነበሩ ወይስ ሥራቸውን ጥለው ሄዱ? መልሱን ራሳችሁ ስጡ፤ የእናንተን ሴናተርም በዚሁ ዓይን መዝኑ።

ከዚያ ሴናተራችሁ ቢሮ ደውሉና ስለመረጣችሁት ሕግ ጠይቁ። የምትኖሩበትን አድራሻ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የምርጫ ክልሉ ነዋሪ መሆናችሁን ማወቅ ይፈልጋሉ።