ከመንገድ የተነሣን ቡራቡሬ ፈረስ ተረክቦ ስለማኖር

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ በቁስል ወይም በማነከስ ከሥራ የወጣ ፈረስ በመንገድ ዳር ተለቅቆ ይታያል። ከእነዚህ መካከል ነጭና ዳማ ወይም ነጭና ጥቁር የሆነው ቡራቡሬ ፈረስ ዓይን ፈጥኖ ይስባል፤ ሊረከበው የሚያስብ ሰው ግን ከመልኩ ይልቅ እግሩን፣ ጥርሱንና ጀርባውን መመልከት ይገባዋል።

አስቀድሞ ባለቤትነቱ ይጣራ። የለቀቀው ሰው ፈረሱ ካገገመ በኋላ ይገባኛል ብሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከተገኘ በምስክሮች ፊት መዋዋል፣ ካልተገኘ ለቀበሌው ማስታወቅ ይበጃል። የአንዱ ቡራቡሬ ነጭ ምልክት ከሌላው ጋር ስለማይመሳሰል፣ ምልክቱ በየትኛው ጎን እስከ የት እንደሚደርስ በውሉ ላይ መጻፍና ፎቶግራፍ ማያያዝ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል።

ቀጥሎ የእንስሳት ሐኪም ይመርምረው። በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛውና በተለምዶ «ቢች» የሚባለው በሽታ በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ ከቆዳ ሥር እንደ ገመድ የተያያዘ እብጠትና መግል የሚያወጣ ቁስል ያስከትላል፤ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ስለሚተላለፍ፣ አዲሱን ፈረስ ለአንድ ወር ያህል ከሌሎች ለይቶ ማቆየትና የቀድሞ ልጓሙንና የጋሪ ዕቃውን አለመጠቀም ያስፈልጋል። የቴታነስና የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባትም ከሐኪሙ ይጠየቅ፤ የኋለኛው ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመኖ ነው። አጥንቱ የወጣ ፈረስ ሲያይ ያዘነ ሰው ገብስና ፉርሽካ በገፍ ያቀርብለታል፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት እህል በድንገት ሲያገኝ በደም ውስጥ ያሉት እንደ ፎስፈረስና ማግኒዥየም ያሉ ማዕድናት ወደ ሕዋሳት ስለሚገቡ፣ የልብና የመተንፈሻ ሥራ ይታወካል፤ ፈረሱም በረሃብ ሳይሞት በጥጋብ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል፣ እሱ ከሌለ ቅጠል የበዛበት ድርቆሽ፣ በየ4 ሰዓቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሰጠው። ከዚያ መጠኑ ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ በ10 ቀናት ገደማ ድርቆሽ እንደ ልቡ ወደ መብላት ይድረስ። ንጹሕ ውኃ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አይለየው። በጎጃም ጓያ በብዙ ቦታ ስለሚዘራ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ተገቢ ነው፦ ጓያ የፈረስን የኋላ እግርና የጉሮሮ ነርቭ ስለሚጎዳ፣ ፍሬው በመኖው ውስጥ መግባት የለበትም። የትል መድኃኒትም በጣም ለከሳ ፈረስ ወዲያው አይሰጥም፤ ጊዜውን ሐኪሙ ይወስን።

ቡራቡሬነቱ ከውበት ያለፈ ነገር የሚጠይቀው በቆዳው ላይ ነው። ከነጩ ጠጉር ሥር ያለው ቆዳ ሮዝ በመሆኑ በደጋው ፀሐይ ይቃጠላል፤ በተለይ አፍንጫውና የዓይኑ ዙሪያ ሊቆስሉ ስለሚችሉ፣ ቀትር ላይ ከዛፍ ወይም ከዳስ ጥላ ሥር ይዋል። በክረምት ደግሞ ዝናብና ጭቃ ቅርፊት ያለው ቁስል ስለሚያመጡበት፣ ወለሉ ከፍ ያለና ጣራው የማያፈስ ማደሪያ ያስፈልገዋል፤ ነጭ እግሮቹም ማታ ማታ ይታዩ፣ ይድረቁም። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከርከም። ፈረስ ብቻውን መኖር ስለማይወድ፣ ከበሽታ ነጻ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሌላ ፈረስ፣ ቢያንስ አህያ አጠገቡ ቢኖር ይረጋጋል።

በፈረሱ ላይ መቀመጥ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ሥጋው እስኪመለስና የጀርባው ቁስል በሚገባ እስኪጠግ ድረስ ኮርቻ አይጫንበት፤ ይህም ወራት ይፈጃል። ጋሪ የለመደ ፈረስ ሰው ጀርባው ላይ ሲወጣ ሊደነግጥ ስለሚችል፣ ልምድ ያለው ሰው ማማከር ያሻል። በዚህ ረገድ የአዊ አካባቢ ሰው ዕድለኛ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት በየቀበሌው ስለሚገኙ፣ የፈረሱን አረማመድ አይተው ለኮርቻ መድረሱን ወይም ዕድሜውን በግጦሽ ላይ ቢጨርስ የሚሻለው መሆኑን ሊነግሩት ይችላሉ።