የባፈር አውትፑት ዓይነትን በአንድ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መለየት

7404 እና 7406 ሁለቱም ስድስት ኢንቨርተር (0ን ወደ 1፣ 1ን ወደ 0 የሚገለብጥ) የያዙ ባለ 14 እግር ቺፖች ናቸው፤ የእግር አቀማመጣቸውም አንድ ነው። በ7404 ቦታ 7406 ከሰኩ ግን ሰርኪዩቱ ሊቆም ይችላል። ሁለቱም «0» ሲያወጡ መስመሩን ወደ ግራውንድ ይስባሉ። «1» ላይ 7404 በውስጡ ባለ ሁለተኛ ትራንዚስተር መስመሩን ወደ ላይ ይገፋል፤ ፑሽ-ፑል የሚባለው ይህ ነው። 7406 ግን ኦፕን ኮሌክተር ስለሆነ መስመሩን ይለቀዋል እንጂ አይገፋም። ሦስተኛው ዓይነት ትራይ-ስቴት ነው፤ ሲፈቀድለት እንደ ፑሽ-ፑል ይሠራል፣ ሲከለከል ከመስመሩ የተቆረጠ ያህል ይሆናል።

ለመለየት ቺፑን 5 ቮልት ይስጡት፤ ከኃይል እግሮቹ አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ያድርጉ፤ ሥራ የሌላቸውን ኢንፑቶች ግራውንድ ላይ ይሰሩ። የሚለካው አውትፑት ከሌላ ነገር ጋር መገናኘት የለበትም። ከዚያ፦

1. ኢንፑቱን አውትፑቱ «1» እንዲሆን ያስተካክሉ (ለኢንቨርተር ግራውንድ)።
2. ሬዚስተሩን ከአውትፑት ወደ ግራውንድ አገናኝተው ይለኩ። 74ኤችሲ (አዲሱ የሲሞስ ዓይነት) ላይ ወደ 5 ቮልት፣ በጥንቱ ቲቲኤል (እንደ 7404 ያለው) ላይ 3.5 ቮልት አካባቢ ካገኙ ፑሽ-ፑል ወይም የተፈቀደለት ትራይ-ስቴት ነው።
3. 0 ከሆነ ሬዚስተሩን ወደ 5 ቮልት ያዙሩትና ኢንፑቱን ይገልብጡ። ንባቡ ወደ 0 ከወረደ ኦፕን ኮሌክተር ወይም ኦፕን ድሬን (በሲሞስ ቺፖች ያለው አቻው) ነው።
4. ኢንፑቱ ቢገለበጥም 5 ቮልት ላይ ከቀረ የተከለከለ ትራይ-ስቴት ሊሆን ይችላል። በ74ኤችሲ125 የፈቃድ እግሮቹ 1፣ 4፣ 10 እና 13 ናቸው፤ ግራውንድ ሲነኩ ይፈቅዳሉ። በ74ኤችሲ126 እግሮቹ እነዚያው ሆነው 5 ቮልት ይፈልጋሉ። ይህም ካልረዳ ቺፑን ይጠርጥሩ።

ያለ ሬዚስተር በመልቲሜትር ብቻ መለካት ዋጋ የለውም፤ ተንሳፋፊ እግር ያሻውን ቁጥር ያሳያል።

ኦፕን ኮሌክተር ሁልጊዜ ፑል-አፕ (መስመሩን ወደ ላይ የሚስብ ሬዚስተር) ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ላይ ነው። ቺፖች በሁለት መስመር የሚነጋገሩበትን አይ2ሲን እንውሰድ። መስመሩን የሚስበው ትራንዚስተር በ0.4 ቮልት 3 ሚሊ አምፔር እንዲችል ብቻ ስለሚጠየቅ፣ ፑል-አፑ በ5 ቮልት ከ1.5 ኪሎ ኦም ብዙም ማነስ የለበትም። ትልቅ ሬዚስተር ደግሞ መስመሩን ያዘገየዋል፤ የመውጫ ጊዜው (መስመሩ ከ«0» ወደ «1» የሚወጣበት) በግምት 0.85 ሲባዛ በሬዚስተሩ፣ ሲባዛ በመስመሩ ካፓሲታንስ ነው። በ100 ፒኮፋራድ መስመር 4.7 ኪሎ ኦም 400 ናኖ ሴኮንድ ይወስዳል፤ የ400 ኪሎ ኸርዝ ገደብ ግን 300 ነው። 2.2 ኪሎ ኦም 187 ገደማ ስለሚሆን ይበቃል።

የኦፕን ኮሌክተር ጥቅም ከፍ ያለ ቮልቴጅ መቆጣጠሩ ላይ ነው። 7407 (ኦፕን ኮሌክተር ባፈር፣ ማለትም ኢንፑቱን ሳይገለብጥ የሚያስተላልፍ) ራሱ በ5 ቮልት እየሠራ በአውትፑቱ እስከ 30 ቮልትና 40 ሚሊ አምፔር ይችላል፤ ስለዚህ 400 ኦም ጥቅል ያለው የ12 ቮልት ሪሌይ፣ ማለትም 30 ሚሊ አምፔር፣ አይከብደውም። በጥቅሉ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ ያድርጉ፤ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ 12 ቮልት ይሁን። ሪሌይ መንጃው ቺፕ ዩኤልኤን2003 ዳዮዱን በውስጡ ይዟል፤ እግር 9 ከሪሌዩ ኃይል ጋር ካልተገናኘ ግን ምንም አያግዝም። ኤልኢዲም ቢሆን ከ5 ቮልት በ330 ኦም በኩል ወደ አውትፑቱ ይምጣ፤ ከአውትፑት ወደ ግራውንድ ከተሰራ አይበራም።

ሁለት ፑሽ-ፑሎችን ማገናኘት ግን ሾርት ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ መስመሩ መሃል ላይ ይቀራል፣ ቺፖቹ ይግላሉ። ትራይ-ስቴትም ኃይል ሲበራ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ እግሮቹን ገና ሳያዘጋጅ፣ ይህንኑ ሊያደርግ ስለሚችል በ74ኤችሲ125 እያንዳንዱ የፈቃድ እግር ላይ 10 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት ያኑሩ።