የክሪኬት መክፈቻ መቺን የሙያ ታሪክ በአንድ ገጽ እንዴት መጻፍ ይቻላል?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን በሚገኘው የንባብ ክበባችን ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ የአንድ ስፖርተኛን ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፈን እንለጥፋለን። የሯጮችና የእግር ኳሰኞች ተራ ካለፈ በኋላ ክሪኬት ለእኔ ደረሰኝ። ጨዋታውን የማያውቅ አንባቢ እንዳይሰለች፣ የሚያውቀውም ስህተት እንዳያገኝብኝ ብዙ ደክሜያለሁና፣ የሠራሁበትን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ።

መክፈቻ መቺ የሚባለው ቡድኑ የመምታት ተራው ሲደርስ ከሁሉ ቀድመው ከሚገቡት ሁለት ተጫዋቾች አንዱ ነው። ገና ያልተነካች፣ ጠንካራና አንጸባራቂ የቆዳ ኳስ የምትጠብቀው እሱን ነው፤ ስፌቷ ጎላ ያለ በመሆኑ በአየር ላይ ትታጠፋለች፣ መሬት ነክታም አቅጣጫ ትቀይራለች። አምስት ቀን በሚፈጀው የቴስት ጨዋታ ወርዋሪው ቡድን ሌላ አዲስ ኳስ መውሰድ የሚችለው ከ80 ኦቨር፣ ማለትም ከ480 ውርወራ በኋላ ስለሆነ፣ በአምስተኛ ወይም በስድስተኛ ተራ የሚገባው መቺ ብዙውን ጊዜ የሚያገኛት የለሰለሰችና የደበዘዘች ኳስ ናት። ይህን ልዩነት በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያልገለጸ ጽሑፍ የመክፈቻ መቺን ሥራ ገና አልነገረንም።

ተጫዋቹን ከመረጡ በኋላ የጨዋታ ዓይነቶቹን ይለዩ። ቴስትን፣ የአንድ ቀኑንና የ20 ኦቨሩን ጨዋታ አንድ ላይ መደመር ትርጉም የለውም። ሕንዳዊው መክፈቻ መቺ ሱኒል ጋቫስካር እ.ኤ.አ. በ1975 የዓለም ዋንጫ በሎርድስ ሜዳ፣ እንግሊዝ በ60 ኦቨር 334 ራን (የክሪኬት ነጥብ) ካስመዘገበች በኋላ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይወጣ፣ ማለትም ወርዋሪው ቡድን ከጨዋታ ሳያስወጣው፣ 174 ኳስ ተጫውቶ 36 ራን ብቻ አመጣ፤ ቡድኑም በ202 ራን ተሸነፈ። ያው ትዕግሥት በቴስት ግጥሚያ ቡድን ያድናል፤ በአንድ ቀን ጨዋታ ግን ዛሬም ድረስ በወቀሳ ይነሳል።

ከሁሉ የሚከብደው አማካዩ ነው፤ የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው። የጋቫስካር የመጀመሪያ ቴስት ተከታታይ ግጥሚያ እ.ኤ.አ. በ1971 በዌስት ኢንዲስ ነበር። ጣቱ ስላመረቀዘ የመጀመሪያው ግጥሚያ አመለጠው፤ በቀሩት አራት ግጥሚያዎች፣ በእያንዳንዱ ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ ስምንት ጊዜ ለመምታት ገብቶ 65፣ 67፣ 116፣ 64፣ 1፣ 117፣ 124 እና 220 ራን አስመዘገበ፤ ድምሩ 774 ነው። እኔም 774ን ለስምንት አካፍዬ «አማካይ 96.75» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ለጠፍኩት። በሦስተኛው ቀን፣ በተማሪነታቸው ጊዜ ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር የነበራቸው አንድ አዛውንት ጎረቤታችን መጥተው ጣታቸውን በየቁጥሩ ላይ እያሳረፉ ካነበቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ከስምንቱ ስንት ጊዜ ነው የወጣው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ መዝገቡ ተመልሼ ሳይ ከ67፣ ከ64 እና ከ117 አጠገብ ትንሽ ኮከብ ነበረች፤ ስገለብጥ ትርጉም የላትም ብዬ ትቻት ነበር። ኮከቧ የምትነግረን መቺው ሳይወጣ ተራው እንዳበቃ ነው። የክሪኬት አማካይ ደግሞ ራንን የሚያካፍለው ለተገባበት ሳይሆን ለተወጣበት ጊዜ ብዛት ነው። ጋቫስካር የወጣው አምስት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ትክክለኛው አማካይ 154.80 ነበር። አንድ ወጣት በመጀመሪያ ውድድሩ የሠራውን ታላቅ ሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አሳንሼ ለሰፈር ሰው ማስነበቤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ስለዚህ ከመዝገብ ሲገለብጡ ኮከብ የምትባል ምልክት እንዳትቀር አደራ እላለሁ።

ይህ ስሌት ለመክፈቻ መቺ የተለየ ትርጉም አለው። በኋላ የሚገቡት ተጫዋቾች ጓደኞቻቸው ወጥተው ሲያልቁ እነሱ ሳይወጡ የሚቀሩበት አጋጣሚ ይበዛል፤ ቀድሞ የገባው ግን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይወጣል። ጋቫስካር በቴስት ዘመኑ በሙሉ 214 ጊዜ ገብቶ ሳይወጣ የቀረው 16 ጊዜ ብቻ ነው። 10,122 ራኑን ለ198 ሲያካፍሉት 51.12 ይመጣል፤ ለ214 ቢያካፍሉት ደግሞ ወደ 47.30 ይወርዳል። ለስሌቱ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል፤ ቁጥሩን ግን በመጀመሪያ በደብተር ላይ የገባበት፣ የወጣበትና ያስመዘገበው ብለው በሦስት ዓምድ በእርሳስ ያስፍሩ። ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተለቀመ አማካይን በግሌ አላምንም።

ቀጥሎ በስንተኛ ተራ እንደገባ ያጣሩ፤ «መክፈቻ መቺ» የተባለ ሁሉ ዘወትር በመክፈቻ አልገባም። ሌላው ሕንዳዊ መክፈቻ መቺ ቪሬንደር ሰህዋግ እ.ኤ.አ. በ2001 በመጀመሪያ ቴስቱ መቶ ሲሞላ የገባው በስድስተኛ ተራ ነበር። ጋቫስካርም እ.ኤ.አ. በ1983 ማድራስ ላይ ሳይወጣ 236 ሲያስመዘግብ በአራተኛ ተራ ነበር የተመዘገበው፤ ሆኖም እሱ ሲገባ ሁለት ጓደኞቹ ወጥተው ቡድኑ ገና ዜሮ ላይ ስለነበረ፣ የተጋፈጣት ኳስ አዲሷ ናት። ቁጥሩ አራተኛ ቢልም ሥራው የመክፈቻ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ አለብን።

ቪዲዮ መመልከት ይጠቅማል፤ የአምስት ደቂቃ ቅንጭብ ግን አያስተምርም። ቅንጭቡ የሚያሳየው ከድንበር ያለፉትን ኳሶች ነው። የመክፈቻ መቺ ትልቁ ችሎታ ግን ከዊኬቱ (መቺው ከሚጠብቃቸው ሦስት ቋሚ እንጨቶች) ውጭ የምታልፈውን ኳስ እጁን ሰብስቦ ሳይነካ መልቀቁ ነው፤ ይህ በነጥብ አይመዘገብም፣ አይቀነጨብምም። ከአንድ ግጥሚያ የመጀመሪያውን ሰዓት ሳያቋርጡ ይመልከቱና ስንት ኳስ እንደለቀቀ ይቁጠሩ።

ርቀቱን ለማስረዳት እኔ የተጠቀምኩት የከተማችንን ከዚራ ሰፈር ነው። በሁለቱ ዊኬቶች መካከል ያለው ርቀት 20.12 ሜትር ነው። አንድ ጠዋት፣ ባጃጅ ሳይበዛ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ከአንድ ግንድ ተነሥቼ 20 ሜትር በገመድ ለካሁና ሁለቱንም ጫፍ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ ኳስ ይህን ለማለፍ የሚፈጅባት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። ወጣቶቹን አንዱ ጫፍ ላይ አቁሜ ይህን ስነግራቸው ስለ ትዕግሥት ተጨማሪ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

አጻጻፉ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ ከመግቢያው ጀምሮ በዘመን ቅደም ተከተል ይጓዙ። ከሠራኋቸው ሁሉ የተሳካልኝ የእንግሊዛዊው አላስቴር ኩክ ገጽ ነው። ኩክ እ.ኤ.አ. በ2006 ናግፑር ላይ ከሕንድ ጋር በመጀመሪያ ቴስቱ 60 እና 104፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በኦቫል ሜዳ በዚያችው በሕንድ ላይ በመጨረሻው 71 እና 147 አስመዘገበ፤ በ161 ቴስትም 12,472 ራን አከማቸ። ከ104 አጠገብ ያለችውን ኮከብ በቀይ እስክሪብቶ አክብቤ፣ ከገጹ ግርጌ ትርጉሟን በአንድ መስመር ጽፌ ለጠፍኩት።