አንዱን ክብ በአራት መስመር የተካሁበት ምክንያት

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች ስለ ሥርዓተ ጾታ ማንነትና ስለ ወሲባዊ ዝንባሌ የሚያስረዳ ኢንፎግራፊክ (መረጃን በሥዕል የሚያሳይ ገጽ) ለአንድ ክሊኒክ ስሠራ፣ በመጀመሪያው ረቂቄ ጌይ (ወደ ወንድ የሚሳብ ወንድ)፣ ሌዝቢያን (ወደ ሴት የምትሳብ ሴት)፣ ትራንስጀንደር (ስለ ራሱ የሚያውቀው ማንነት ሲወለድ ከተሰጠው ጾታ የሚለይ ሰው) እና ኢንተርሴክስ (ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አካል የሚለዩ የጾታ ባሕርያት ይዞ የተወለደ ሰው) የሚሉትን ቃላት በአንድ ክብ ውስጥ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ ጎን ለጎን ደርድሬ ነበር። ረቂቁን ያሳየኋቸው አንባቢዎች ትራንስጀንደር የሆነ ሰው ሁሉ ወደ ተመሳሳይ ጾታ ይሳባል ብለው ተረዱ። ስሕተቱ የእነሱ ሳይሆን የሥዕሉ ነበር፤ አንድ ሰው ከአንድ ቁራሽ በላይ ሊይዝ እንደሚችል ክቡ አያሳይምና።

ክቡን ትቼ አራት አግድም መስመሮችን አሰመርኩ፦ የአካል ጾታ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ማንነት፣ በአለባበስና በአነጋገር የሚታየው አገላለጽ፣ እንዲሁም ወደ ማን እንደሚሳብ። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ነጥብ ስላለው፣ አንዱ ሌላውን እንደማይወስን አሁን በዓይን ይታያል።

ከሥዕሉ ይበልጥ ያደከመኝ ቋንቋው ነው። «ጾታ» በዕለት ተዕለት ንግግር አካልንም ማኅበራዊ ማንነትንም ስለሚሸፍን፣ ለመጀመሪያው መስመር «የአካል ጾታ»፣ ለሁለተኛው «የሥርዓተ ጾታ ማንነት» የሚሉትን ስያሜዎች እስከ መጨረሻው ሳላቀያይር ተጠቀምኩ። ግሳችንም «ትሳባለህ» ወይም «ትሳቢያለሽ» እያለ አንባቢውን አስቀድሞ ስለሚመድብ ጥያቄዎቹን ሁሉ ወደ «እርስዎ» ለወጥኳቸው፤ ይህ አክብሮት ለታላላቆቻችንም የሚገባ ነው።

የሴትና የወንድ ተደርገው የሚታዩትን ሮዝና ሰማያዊን ከመስመሮቹ አወጣሁ። አሜሪካዊቷ የትራንስጀንደር መብት ተሟጋች ሞኒካ ሄልምስ እ.ኤ.አ. በ1999 የነደፈችው የትራንስጀንደር ሰንደቅ ብቻ እነዚህን ቀለሞች እንደያዘ በኅዳጉ ላይ ቆየ።