በሽንኩርት ሥር ጫፍ ላይ የሕዋስ ክፍፍልን በማይክሮስኮፕ እንዴት ማየት ይቻላል?

መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው የሕዋስ ክፍፍል ሥዕል ጥርት ያለ ነው። ተማሪው ራሱ ያዘጋጀውን ስላይድ ሲያይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ተደራርቦ የጠቆረ ነገር ነው። ማይክሮስኮፑን መውቀስ ይቀላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ሥሩ የተቆረጠበት ቦታ፣ የአሲዱ ቆይታ ወይም የአውራ ጣት አጫጫን ነው።

ጤናማ ሽንኩርት መርጠው ከሥሩ በኩል ያለውን የደረቀ ጭራ በስሱ ያንሱለት፤ አዲሱ ሥር የሚወጣበትን ክብ ግን እንዳይቆርጡት። ከጎኑ ሦስት ስቴኪኒ ሰክተው፣ ታችኛው ክፍል ብቻ ውሃ እንዲነካ ብርጭቆ አፍ ላይ ያስቀምጡት። ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነጭ ሥር ያወጣል። ምንም ካላወጣ ሽንኩርቱን ይለውጡ፤ አንዳንዱ እንዳይበቅል በኬሚካል የታከመ ስለሚሆን ክፍፍሉ ራሱ ታግዷል። ነጭ ሽንኩርትም ይሆናል፤ የሁለቱም ሕዋስ 16 ክሮሞሶም (የዘር መረጃ የሚሸከም ክር) አለው።

የሥሮቹን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ 3 እጅ ኤታኖልና 1 እጅ ንጹሕ አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት ፈሳሽ ውስጥ ያሳድሩ። ይህ ሕዋሶቹን በነበሩበት ደረጃ ያስቆማቸዋል። ወዲያው የማይሠሩ ከሆነ ወደ 70 በመቶ ኤታኖል አዛውረው ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ጊዜ ያጠረው ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ቀጥሎ ወደሚገለጸው ትኩስ አሲድ ሊሄድ ይችላል፤ ያደረው ግን የተሻለ ምስል ይሰጣል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። የዕፅዋት ሕዋሶች እርስ በርስ በፔክቲን ተጣብቀዋል፤ ካልተላቀቁ ምንም ያህል ቢጫኗቸው አይዘረጉም። የሚያላቅቃቸው 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ከጠርሙሱ የሚቀዳው 37 በመቶ አሲድ 12 ሞላር ገደማ ስለሆነ፣ 8.3 ሚሊ ሊትሩን ውሃ ውስጥ ጨምረው መጠኑን 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር የግድ ነው።

አሲዱን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርገው፣ ብልቃጡን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። አሲዱ ራሱ መሞቁን በቴርሞሜትር ካረጋገጡ በኋላ ሥሮቹን ይክተቱ። 5 ደቂቃ ለብዙዎቹ ይበቃል፤ ወፍራም ሥር እስከ 10 ሊፈልግ ይችላል። አሲዱ ሳይሞቅ ሰዓት መቁጠር ከጀመሩ ሥሩ ጠንካራ ሆኖ ይቀርና ሕዋሶቹ እንደተደራረቡ ይታያሉ። ከልክ በላይ ከቆየ ደግሞ በወረንጦ ሲያነሱት ይፈርሳል። በደንብ የደረሰ ሥር ለስለስ ይላል፣ ቅርጹን ግን አይለቅም። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለቅልቁት፤ የቀረ አሲድ ማቅለሚያውን ያዳክማል።

ሥሩን ስላይድ ላይ አድርገው የመጨረሻውን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ በምላጭ ይቁረጡ፤ ሌላውን ያስወግዱ። የሚከፋፈሉት ሕዋሶች ያሉት እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት መከፋፈል አቁመው ወደ መርዘም ገብተዋል። በማይክሮስኮፕ ረጃጅም ሕዋስ ብቻ ካዩ ጫፉን ስተውታል ማለት ነው።

0.5 በመቶ ቶሉዲን ብሉ የተባለውን ማቅለሚያ ጠብ አድርገው 2 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ትርፉን በወረቀት መጥጠው አንድ ጠብታ ውሃ ይጨምሩ። አሴቶ ኦርሲንም ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን ቶሉዲን ብሉ ፈጣን ስለሆነ ይመረጣል። ከቨር ስሊፑን (ከላይ የሚሸፍነውን ስስ መስታወት) በአንድ ጎን አስነክተው ቀስ ብለው ያስተኙት፤ አየር አይገባም።

በእርሳስ ላጲስ ከላይ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ ጫፉ እንደ ጭጋግ ሲበተን ይታያል። ከዚያ የታጠፈ ሶፍት ደርበው በአውራ ጣት ቀጥ ብለው ወደ ታች ይጫኑ። ጣትዎ በትንሹም ቢሆን ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሶቹ ይጠቀለላሉ፣ ክሮሞሶሞቹም ይጎተታሉ። እንዲህ የሆነን ስላይድ ለማዳን ከመድከም ሌላ ጫፍ ወስዶ መሥራት ይሻላል።

በ100 እጥፍ ትንንሽ፣ አራት ማዕዘን የሚመስሉና ትልቅ ኒውክለስ ያላቸውን ሕዋሶች ይፈልጉ፤ ከዚያ ወደ 400 ይሂዱ። አብዛኞቹ ኢንተርፌዝ ላይ ናቸው፤ ማለትም በክፍፍል ላይ አይደሉም፦ ኒውክለሱ ክብና ወጥ ነው። የተጠላለፈ ክር ካዩ ፕሮፌዝ ነው። ክሮሞሶሞቹ መሀል ላይ ከተሰለፉ ሜታፌዝ፣ ሁለት ቡድን ሆነው ወደ ተቃራኒ ጫፎች ከተሳቡ አናፌዝ ነው። በቴሎፌዝ ሁለት ጥቅል ይታያል፤ በመካከላቸውም አዲስ ግድግዳ እየተሠራ ነው።

ክፍፍሉን በቁጥር ለመግለጽ ከተለያዩ ቦታዎች 200 ያህል ሕዋስ ቆጥረው፣ በክፍፍል ላይ ያሉትን ለጠቅላላው ያካፍሉና በ100 ያባዙ። የሚያከራክረው ገና የጀመረ ፕሮፌዝ ነው፦ ክሩ ለየብቻ ካልታየ ኢንተርፌዝ ብለው ይቁጠሩ፤ ይህንኑም ደንብ እስከ መጨረሻው ስላይድ አይለውጡ።