ካንሰር አምጪ የማዕድን ቃጫ ባለበት አካባቢ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያመጣል?» ማለት። በቱርክ ካፓዶቅያ የሚገኙት ካራይን፣ ቱዝኮይና ሳሪሂዲር የገበሬ መንደሮች ናቸው። ሰዉ ቤቱን የሠራበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ኤሪዮናይት የተባለ ቃጫማ ማዕድን ነበረበት። ብዙዎችን የጨረሳቸው ሜሶቴሊዮማ፣ ማለትም የሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋን ካንሰር ነው።

«አስቤስቶስ ካልሆነ ችግር የለውም» ማለት። ኤሪዮናይት አስቤስቶስ (የታወቀው ካንሰር አምጪ የማዕድን ቃጫ) አይደለም፤ በጣሊያን ሲሲሊ ቢያንካቪላ የተገኘው ፍሎሮ-ኤደናይትም በተለመደው የአስቤስቶስ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሁለቱንም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1ኛ ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ከስሙ ይልቅ ቅርጹን ይመልከቱ፦ ከ5 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) የሚረዝምና በጣም ቀጭን ቃጫ ሳንባ ሥር ድረስ ይዘልቃል፤ አቧራ የሚውጡት የሰውነት ሕዋሳትም ርዝመቱ ስለሚበልጣቸው ውጠው ሊያስወግዱት አይችሉም።

በደረቁ መጥረግ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ያልተነካ ድንጋይ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው አየር ላይ የወጣው አቧራ ነው፣ መጥረጊያ ደግሞ ወለል ላይ የተኛውን ወደ አፍንጫ ያነሣዋል። ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩ፤ ያለ ሳሙና ውሃው አቧራው ላይ ይንከባለላል እንጂ ውስጡ አይገባም። ቀስ ብለው ያርከፍክፉ፣ በኃይል የሚረጭ ውሃ አቧራውን ያስነሣዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ጨርቁን ሳይደርቅ በድርብ ፌስታል አስረው ይጣሉት፤ አጥቦ መልሶ መጠቀም ትርፉ ቃጫውን ወደ ልብስ ማጠቢያው ማዞር ነው። ተራው የአቧራ መምጠጫ ማሽን ከፊት የሳበውን ደቃቅ ከኋላ ይተፋል፤ የሚሆነው ሄፓ የተባለ፣ እጅግ ደቃቁን አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ያለውና የማያሾልክ ብቻ ነው። የሥራ ልብስም አይራገፍ።

በጨርቅ ማስክ መተማመን። የቀዶ ሕክምናውም ቢሆን በጉንጭ በኩል ያስገባል። ፒ100 (P100) ወይም ኤፍኤፍፒ3 (FFP3) የሚል ደረጃ ያለው፣ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ ማስክ ያስፈልጋል፤ ጢም ካለ እሱም አይገጥምም።

አንድ ናሙና አስመርምሮ መረጋጋት። ቃጫው በድንጋዩ ውስጥ በጅማት መልክ ስለሚሄድ፣ አንዱ እፍኝ ንጹሕ ሆኖ ከጎኑ ያለው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ተራ ማይክሮስኮፕም በጣም ቀጫጭኑን አያሳይም፤ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይጠይቁ። በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ፣ ደን (Dunn) በተባለ ካውንቲ፣ ኤሪዮናይት ያለበት ጠጠር መንገድ ላይ ፈስሶ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጠጠር ግቢ ውስጥ ከማስደፋትዎ በፊት ከየት እንደተቆፈረ ይወቁ።

«ሲጋራ ካቆምኩ በቃ» ማለት። ማቆሙ ግድ ነው፤ አስቤስቶስና ሲጋራ ሲደመሩ የሳንባ ካንሰርን አደጋ እጅግ ያንሩታል። ሜሶቴሊዮማ ግን ላጨሰም ላላጨሰም ያው ነው።

ለሐኪም ሥራን ብቻ መንገር። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚወጣው፤ የዛሬ ንጹሕ ራጅ ስለ ነገ አይናገርም። ከካራይን ወደ ስዊድን የሄዱ ሰዎች ሜሶቴሊዮማው እዚያም ተከትሏቸዋል። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት አልለቅ ካለዎት የተወለዱበትንና በልጅነትዎ የኖሩበትን ቦታ፣ ቤቱ የተሠራበትንና የተለሰነበትን ሳይቀር ይንገሩ።