በድሬዳዋ ያለ ቤተሰብ የሚያድሩ ልጆችን ስንረዳ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በከዚራ ከሚገኘው የቀድሞ የባቡር ጣቢያ አካባቢ አንሥቶ እስከ መጋላ ድረስ ዕቃ እየተሸከሙና ጫማ እየጠረጉ የሚውሉ፣ ሲመሽም በረንዳ ላይ የሚያድሩ ልጆች አሉ። የድሬዳዋ ሰው እጁ ለእነርሱ አይታጠፍም፤ ሆኖም በቅንነት የሚደረግ እርዳታም ልጆቹን ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ልጁን ሳይጠይቁ ወደ መጣበት አሳፍሮ መላክ ነው። «ከወላጅ የሚበልጥ ማን አለ» ተብሎ የመሳፈሪያው ይከፈልለታል፤ ነገር ግን ልጁን ከቤት ያስወጣው የእናቱ ሞት፣ የእንጀራ አባት ዱላ፣ ድርቅ፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ እንዳለ እያለ የተመለሰ ልጅ እንደገና ሊወጣ ይችላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሚረዳውን ሰው ማመን ይከብደዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት የወላጆቻቸውን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ በዚያው አንቀጽ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበትም ያስቀምጣል። ስለዚህ አስቀድሞ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ቤተሰቡን ሊያገኝ፣ ወላጅ ባይመች አያት ወይም አክስት መኖራቸውን ሊያጣራ፣ ከተመለሰም በኋላ ሊከታተለው ይገባል።

ሁለተኛው በአማርኛ ብቻ ማነጋገር ነው። ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ በመሆኑ፣ «እሺ» ማለታቸው ተስማምተዋል ማለት ላይሆን ይችላል።

ከተማውን ለሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋማ መውረጃ ቸልተኛ መሆንም ከባድ ጥፋት ነው። ደረቅ ስለሚመስል ለመኝታ ይመረጣል፤ ነገር ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ በደጋው የዘነበ ዝናብ በሌሊት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምትም ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በክረምት ልጆቹን ከዚያ ማንሣት ከልብስና ከምግብ መቅደም አለበት።

ሳንቲም መስጠትን በተመለከተ፣ ገንዘቡን ማታ ትልልቆቹ ሊቀሟቸው ወይም ለማስቲሽ ሊውል ስለሚችል፣ ምግቡን አብሮ ተቀምጦ ማብላት ይሻላል። ፎቶ አንሥቶ በፌስቡክ መለጠፍ ግን በምንም ምክንያት አይገባም፤ ከደብዳቢው የሸሸ ልጅ ያለበት ቦታ የሚታወቀው በዚያ ነው።

በመጨረሻም፣ አብረው የሚያድሩ ጓደኛሞችን አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው ብዙ ጊዜ አይታሰብበትም። አንዱ ሲታመም ውኃ የሚያቀብለው፣ ሌሊት በየተራ የሚጠብቀው ያ ጓደኛው ነውና፣ መጠለያ ሲፈለግ «ከማን ጋር ነው የምታድረው?» ተብሎ አስቀድሞ ይጠየቅ።